ከመቃብር በላይ የዋለ ስም

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ብሂል ለሰው ልጅ ክብር የተነገረ ነው። ሥጋ አፈር ሲሆን ግብር በስም ታዝሎ ለትውልድ ይተላለፋል ለማለት ነው። ብሂሉን ያቆዩት አበው፣ ስም ከግብሩ ተነጥሎ በውል የሚከራይበት፣ በሚሊዮን ዶላር የሚዋዋሉበት፣ አልፎ ተርፎም ከተለጠፈበት ዕቃ ጋር በእውነተኛ ጉድጓድ የሚቀበርበት ዘመን ይመጣል ብለው አላሰቡም። ዘመኑ ግን መጥቷል። ከመጣም ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ነገሩ የሚመለከተው በቴሌቪዥንና በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የሚታዩትን ጨዋታዎች ነው። ጨዋታዎቹን የሚያሳትሙት ኩባንያዎች ገበያው አስቀድሞ የሚያውቀውን ስም ይሻሉ፤ የታወቀ ፊልም፣ የታወቀ መጽሐፍ፣ የታወቀ ገጸ ባሕርይ ወይም የታወቀ ማኅበር። የስሙ ባለቤት ደግሞ ስሙን በፈቃድ ውል ያከራያል፣ ኪራዩንም ይቀበላል። ከሩቅ ሲታይ የቤት ኪራይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቤት የሚከራይ ሰው ተሠርቶ የቆመ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ስም የሚከራይ ግን ቤቱን ራሱ መሥራት አለበት። ቤቱ ያማረ እንደ ሆነ ያማረው በስሙ ነው ወይስ በግንበኛው እጅ? የፈረሰ እንደ ሆነስ ያፈረሰው ማን ነው? በስም ባለቤቶችና በጨዋታ አሳታሚዎች መካከል ያለው ጠብ ሁሉ የሚወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የቅርቡን ምሳሌ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1993 ጀምሮ «ፊፋ» የተሰኘውን ጨዋታ በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፈቃድ ሲያሳትም ኖሯል። በነዚያ ሠላሳ ያህል ዓመታት ውስጥ ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። በ2021 ግን ፌዴሬሽኑ የስሙ ኪራይ ከእጥፍ በላይ አድጎ በአራት ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲሆን መጠየቁ ተዘገበ። ኩባንያው በበኩሉ በስሙ የሚሠራው ሥራ እንዲሰፋለት ይፈልግ ነበር። አልተስማሙም። በሜይ 2022 መለያየታቸው ታወቀ፤ በሴፕቴምበር 2023 ጨዋታው ሌላ ስም ይዞ ወጣ። የተጫዋቾቹ፣ የክለቦቹና የሊጎቹ ስሞች በሌሎች ውሎች የተያዙ ስለ ነበሩ አብዛኞቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። የሄደው የፌዴሬሽኑ ስምና የዓለም ዋንጫው ብቻ ነበር። በአዲስ አበባ ሠፈሮች ውስጥ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚሰበሰቡት ወጣቶች ግን ከዚያም በኋላ «ፊፋ እንጫወት» ማለታቸውን አልተዉም። ባለ ስሙ ስሙን ይዞ ሄደ፤ አሳታሚው ጨዋታውን ይዞ ቀረ፤ ተጫዋቹ ሁለቱን ለመለየት እንቢ አለ።

ይህ ጠብ ግን የሁለት ባለጸጎች ጠብ ነው፤ ማንም አልተራበበትም። የነገሩን ሥር ለማየት ወደ 1982 መመለስ ያሻል። በዚያ ዓመት ዩኒቨርሳል የተባለው የሆሊዉድ የፊልም ኩባንያ በአንድ ወገን ስም እያከራየ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የራሱ ያልሆነ ስም የራሴ ነው እያለ፣ በአንድ ጊዜ በሁለት ገበታ ላይ ቀርቦ ነበር።

በመጀመሪያው ገበታ ላይ የነበረው ስም «ኢ.ቲ.» ነው። ከሌላ ዓለም መጥቶ በምድር ላይ የቀረው የፍጡሩ ታሪክ ስቲቨን ስፒልበርግ በደረሰበት የዝና ጫፍ ላይ የሠራው ፊልም ሲሆን፣ በጁን 11 ቀን 1982 ለሕዝብ ቀረበ። ሕፃንና አዋቂ አለቀሰበት። በዚያ ጊዜ አታሪ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ባለቤቱም ከ1976 ጀምሮ ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ የተባለው ድርጅት ነው። የዋርነር መሪ የነበረው ስቲቭ ሮስ ስፒልበርግን ወደ ራሱ ቤት ለመሳብ ይመኝ ነበር ይባላል። የ«ኢ.ቲ.»ን ስም ለጨዋታ ለማግኘት የተስማማበት ክፍያ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር እንደ ነበር ሲነገር ኖሯል። የአታሪ ሥራ አስኪያጅ ሬይ ካሳር ሐሳቡ እንዳልጣመው በኋላ ተናግሯል። ልብ ሊባል የሚገባው ዋጋው ከየት እንደ መጣ ነው። ጨዋታው ምን ያወጣል ተብሎ ተሰልቶ አልመጣም፤ ጨዋታው ገና አልተፀነሰም ነበርና። ዋጋው የመጣው ባለ ስሙን ለማስደሰት ከነበረው ፍላጎት ነው። የተዋዋዮቹ ፍቅር ያስወጣው ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ የጠየቀ አልነበረም።

ያረፈው በአንድ ወጣት ላይ ነው። ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ በአታሪ ቤት የጨዋታ ፕሮግራም ቀማሪ ነበር። «ያርስ ሪቬንጅ» የተባለው ጨዋታው ተወድዶለታል፤ የስፒልበርግን ሌላ ፊልም ወደ ጨዋታ የመለወጡም ሥራ በእጁ አልፏል። በጁላይ 27 ቀን 1982 ካሳር በስልክ ጠራው። የ«ኢ.ቲ.» ጨዋታ በሴፕቴምበር 1 ቀን ተጠናቅቆ ይቅረብልኝ አለው። ጨዋታው ለገና ገበያ መድረስ ስለ ነበረበትና ፋብሪካው ደግሞ ለማምረት ጊዜ ስለሚፈልግ ከዚያ ማለፍ አይቻልም። እንዲህ ያለ ሥራ በተለመደው አሠራር ከስድስት ወር ያላነሰ ጊዜ ይወስድ ነበር። ለዋርሾ የተረፈው 36 ቀን ነው። የክረምቱን ሳምንታት ጠበቆችና አለቆች በዋጋ ድርድር ጨርሰውታል። እነሱ ሲከራከሩበት የቆዩት ቀን ሁሉ ከእጅ ባለሙያው ቀን ላይ ተቆርጦ የተከፈለ ነው።

ይህ በውል ሰነድ ላይ የማይጻፍ ዕዳ ነው። በፈቃድ ውል ውስጥ የገንዘቡ ልክ፣ የመብቱ ወሰን፣ የማስታወቂያው ዓይነት፣ የፊርማው ቀን ሁሉ በአንቀጽ ተለይቶ ይሰፍራል። የሠሪው ጊዜ ግን አንቀጽ የለውም።

ዋርሾ ሥራውን እንቢ አላለም። እንዲያውም በደስታ ተቀበለው፤ የማይቻለውን የሚችል ወጣት መሆኑን ሊያሳይ ፈልጎ ነበር። ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የጨዋታውን ሐሳብ አስቦ፣ ኩባንያው ባዘጋጀለት አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ ስፒልበርግ ሄደ። የፊልሙን ስሜት ወደ ጨዋታ ለመመለስ ተመኝቷል፤ ፍጡሩ ወደ አገሩ የሚደውልበትን ስልክ ሦስት ስብርባሪዎች ከየጉድጓዱ እየፈለገ እንዲገጣጥም፣ የሚያሳድዱትም ሰዎች እንዲኖሩ፣ ረዳት ልጅም እንዲኖረው አቀደ። ዋርሾ ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው ስፒልበርግ ሰምቶ ሲያበቃ በዚያን ጊዜ ዓለምን የያዘውን «ፓክ ማን»ን የመሰለ ነገር ቢሠራ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀው። አዲስ ነገር ፈጥሮ ዓለምን ያስለቀሰው ሰው፣ የራሱ ሥራ ወደ ሌላ ጥበብ ሲሻገር ያየውን ነገር እንዲደግሙለት መፈለጉ የሚያስገርም ነው። በመጨረሻ ግን በዋርሾ ሐሳብ ተስማማ።

ከዚያ በኋላ ዋርሾ ቤቱንና መሥሪያ ቤቱን አንድ አደረገ። ሌሊት ሐሳብ ቢመጣለት እንዳያመልጠው የመሥሪያ መሣሪያው በመኖሪያ ቤቱ ተተከለለት። የጨዋታው ማኅደር ስምንት ኪሎባይት ብቻ ይይዛል፤ አንድ መካከለኛ የመጽሔት ጽሑፍ ሊሞላው የሚችል ቦታ ነው። በዚያች ጠባብ ስፍራ ውስጥ ዓለሙንም፣ ጉድጓዱንም፣ አሳዳጁንም አሰፈረ። በቀኑም አስረከበ። ጊዜ ስላልነበረ ጨዋታው እንደ ልማዱ በተጫዋቾች ፊት ቀርቦ አልተፈተነም።

ሕፃናቱ ለገና የተሰጣቸውን ጨዋታ ሲከፍቱ ያገኙት ጉድጓድ ነው። ፍጡሩ ይወድቃል፤ ከብዙ ድካም በኋላ ይወጣል፤ ጥቂት ሳይራመድ መልሶ ይወድቃል። አንድ ሁለት ሳምንት ቢጨመር ሊታረም ይችል የነበረ ጉድለት ነው። አታሪ አራት ሚሊዮን ያህል ካርትሪጅ፣ ማለት ጨዋታው የተቀረጸበትን የፕላስቲክ ማኅደር፣ አምርቶ ነበር፤ የተሸጠው አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ነው ይባላል። አንድ ሚሊዮን ተኩል ለሌላ ጨዋታ ድል ነው። ለዚህ ግን ኪሳራ ሆነ፤ የስሙ ኪራይ አስቀድሞ ተከፍሏልና። ዋርነር በዲሴምበር 7 ቀን 1982 ትርፉ ከተጠበቀው እንደሚያንስ ባስታወቀ ማግስት የአክሲዮኑ ዋጋ ሲሶ ያህል ወደቀ። አታሪ በ1983 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ፤ በ1984 ተከፋፍሎ ተሸጠ።

በሴፕቴምበር 1983 የጭነት መኪናዎች ያልተሸጠውን ዕቃ ከቴክሳስ ጭነው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ወደምትገኘው አላሞጎርዶ ከተማ ሄዱ። በከተማይቱ የቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ውስጥ ደፉት፤ ሲሚንቶም አፈሰሱበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገሬው ሰው። አታሪ ግን ያፈሰሰውን አልለቀመም፤ ቀበረው።

ከዚያ ወዲህ «ከተሠሩት ጨዋታዎች ሁሉ የከፋው» የሚል ቅጽል በዋርሾ ሥራ ላይ ተለጠፈ። የገበያው ሁሉ ውድቀት በዚህ አንድ ጨዋታ ተሳበበ። ፍርዱ ትክክል አይደለም። በዚያ ጊዜ የአሜሪካን ገበያ ያጥለቀለቁት ማንም የሠራቸው ጨዋታዎች ነበሩ፤ ነጋዴውም ያላንዳች ትርፍ ይጥላቸው ጀምሮ ነበር። አታሪም የ«ፓክ ማን»ን ስም ገዝቶ ያወጣው ጨዋታ በብዛት ቢሸጥም ገዢውን ቅር አሰኝቶት ነበር። ነገር ግን ስም ሲበዛ ተጠያቂም አንድ ሰው ይሻል፤ ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነውና።

እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ ሌላ ነገር አለ። የሌላውን ስም በሚሊዮን የሚዋዋለው ይኸው አታሪ ለብዙ ዓመታት የገዛ ሠራተኞቹን ስም በጨዋታዎቹ ላይ አያትምም ነበር። በ1979 አራት ቀማሪዎቹ ስማቸውንና ድርሻቸውን ፈልገው ወጡ፤ አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ዋረን ሮቢኔት የተባለ ሌላ ቀማሪ ደግሞ በሠራው ጨዋታ ውስጥ ማንም በቀላሉ የማይደርስበት ስውር ክፍል አበጅቶ ስሙን ጻፈበት። ዋርሾም የስሙን መነሻ ፊደላት በጨዋታዎቹ ውስጥ ሸሽጓል። የጥንት የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ «የጻፈውን ገብርህን አስበው» ብሎ ስሙን ያኖር ነበር፤ እነዚህ ደግሞ አለቃ እንዳያይባቸው ደብቀው አኖሩት።

በሁለተኛው ገበታ ላይ የዩኒቨርሳል ነገር ሌላ መልክ አለው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» የተባለ ጨዋታ አውጥቶ ነበር። ታሪኩን የፈጠረው ሺገሩ ሚያሞቶ መጀመሪያ ሊሠራው ያሰበው በአሜሪካዊው የሥዕል ገጸ ባሕርይ በፖፓይ ነበር። ፈቃዱ አልተገኘም። ፈቃድ ስላጣ የራሱን ሰዎች ፈጠረ፤ አንድ ዝንጀሮ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ አናጢ። ያ አናጢ በኋላ ማሪዮ ተብሎ ዓለምን የዞረው ነው። ስም የተነፈገ ሰው ስም ፈጠረ። ምናልባት በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስደስተው ይህ ነው።

ጨዋታው ሲበለጽግ ግን ዩኒቨርሳል ብቅ አለ። ዝንጀሮው የእኔ የ«ኪንግ ኮንግ» ነው ብሎ በ1982 ክስ መሠረተ። ኮሌኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጨዋታውን ከኒንቴንዶ በፈቃድ ወስዶ ለቤት መጫወቻ ያዘጋጅ ስለ ነበር ክሱን ፈርቶ ከመቶ ሦስት እጅ ሊከፍል አስቀድሞ ተስማምቷል። ኒንቴንዶ ግን አልፈራም። ጠበቃው ጆን ከርቢ ወደ ኋላ ሄዶ መዝገብ አገላበጠ። ዩኒቨርሳል ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1975፣ አር ኬ ኦ ከተባለው የፊልም ኩባንያ ጋር ሲሟገት የ«ኪንግ ኮንግ» ታሪክ የማንም ንብረት አይደለም፣ የሕዝብ ሆኗል ብሎ ተከራክሮ ኖሯል። ትናንት የሁሉም ነው ያለውን ዛሬ የእኔ ነው አለ ማለት ነው። ዳኛ ሮበርት ስዊት ለኒንቴንዶ ፈረዱ፤ በ1984 የይግባኙ ፍርድ ቤትም አጸናው። ኒንቴንዶ ጠበቃውን በመርከብ ሸለመው፤ የባሕር መዝናኛ ጀልባ ነበረች፤ ስሟም «ዶንኪ ኮንግ»። በመዝገቡ ውስጥ የሚያስተዝበው ግን የኮሌኮ አድራጎት ነው። ሰነዱን ሳይመረምር የከፈለው በስሙ ግርማ ደንግጦ ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ የተከፈለው ኪራይ ስንቱ በመብት፣ ስንቱ በድንጋጤ እንደ ተከፈለ ማን ይቈጥረዋል?

ዋርሾ ከአታሪ በኋላ ብዙ ሥራ ቀያየረ፤ በመጨረሻም የሥነ ልቦና ሕክምና ተምሮ በዚያው በሲሊከን ቫሊ የኮምፒዩተር ሠራተኞችን ጭንቀት የሚያዳምጥ ባለሙያ ሆነ። በኤፕሪል 26 ቀን 2014 የአላሞጎርዶ ጉድጓድ በፊልም ሠሪዎች ፊት ሲቈፈር በቦታው ተገኝቶ ነበር። ከአሸዋውና ከፍርስራሹ ውስጥ 1,300 ያህል ካርትሪጅ ወጣ። የእሱ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሌሎች፣ የተወደዱት ጭምር፣ አብረው ተቀብረው ተገኙ። ለሠላሳ ዓመት የአንድ ሰው ኀፍረት መቃብር ተደርጎ የተወራለት ጉድጓድ የአንድ ኩባንያ መጋዘን ሆኖ ተገኘ። ከወጡት አንዱ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ተቀመጠ፤ ሌሎቹ በጨረታ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አወጡ። ዋርሾ ከሠራቸው አንዱ ከምርጦቹ፣ ሌላው ከሁሉ የከፋው ከተባለ፣ የእኔን ያህል ሰፊ ክልል ያለው ሠሪ የለም እያለ ይቀልዳል።

እስካሁን በተባለው ሁሉ ባለ ስሙ ኩባንያ፣ ሠሪውም ቅጥረኛ ነበር። ስሙን የፈጠረው ደራሲ ራሱ ሲሆንስ? በፖላንድ የሆነው ይህ ነው። አንድሬ ሳፕኮቭስኪ የንግድ ሠራተኛ ሳለ በ1986 በአንድ የፖላንድ መጽሔት ላይ አጭር ልብ ወለድ አወጣ። ጭራቆችን በደመወዝ የሚያድን፣ ነጭ ጠጕር ያለው የገራልት ታሪክ ነው። ታሪኩ ወደ ተከታታይ መጻሕፍት አደገ፤ ፖላንዳውያንም ወደዱት። ሲዲ ፕሮጄክት የተባለ የአገሩ ኩባንያ ታሪኩን ወደ ጨዋታ ለመለወጥ በጠየቀው ጊዜ ከትርፉ ድርሻ እንዲወስድ አማራጭ ቀርቦለት ነበር። ጨዋታ ትርፍ ያመጣል ብሎ አላመነም። ገንዘቤን በአንድ ጊዜ ስጡኝ አለ። የተቀበለው 35 ሺህ ዝሎቲ እንደ ነበር ተዘግቧል።

የመጀመሪያው ጨዋታ በ2007፣ ሁለተኛው በ2011፣ ሦስተኛው በ2015 ወጣ። ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ከፖላንድ ውጭ በወጉ የማይታወቅ የነበረው ኩባንያ በዓለም ገበያ የታወቀ ሆነ። በኦክቶበር 2018 የሳፕኮቭስኪ ጠበቆች 60 ሚሊዮን ዝሎቲ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ። የተመሠረቱበት የፖላንድ የደራሲነት መብት ሕግ አንቀጽ 44 ነው። ለፈጣሪው የተከፈለው ዋጋ ገዢው ካገኘው ጥቅም ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ሲሆን ፍርድ ቤት ክፍያውን ከፍ እንዲያደርግ ፈጣሪው መጠየቅ ይችላል ይላል አንቀጹ። ኩባንያው ጥያቄው መሠረት የለውም አለ።

አንባቢው ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። ብዙዎቹ ወጣቶች በደራሲው ላይ ፈረዱ፤ የፈረመውን ይብላ፣ ዝናውን ያመጣለት ጨዋታው ነው አሉ። በፊርማው ረገድ እውነት አላቸው። ሆኖም ገራልት በወረቀት ላይ ባይኖር ኖሮ በመስኮት ላይ ሊኖር አይችልም ነበር። ጨዋታው ባይኖር ደግሞ መጻሕፍቱ በዚያ ፍጥነት በብዙ ቋንቋ ባልተሰራጩ ነበር ማለቱም ያስኬዳል። ደራሲው ጨዋታዎቹን ተጫውቶ አያውቅም፤ ነገሩ የማይገባው፣ የማይወደውም እንደ ሆነ በይፋ ሲናገር ኖሯል። ይህ ንቀቱ በወጣቶቹ ዘንድ ጎድቶታል። ሕጉ ግን ስለ ጨዋነት አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ሚዛን ነው። የፖላንድ ሕግ አውጪዎች የደራሲውን ፊርማ ከአሳታሚው ጉልበት ጋር እኩል አድርገው አለመቍጠራቸው የጥበብን ሥራ ጠባይ በሚገባ መገንዘባቸውን ያሳያል። አንድ ሥራ ሲፈረምበት ዋጋው አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሰው ሲያየው ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት አልደረሰም። በዲሴምበር 2019 ሁለቱ ወገኖች አዲስ ውል ተፈራረሙ፤ የገንዘቡ ልክ ለሕዝብ አልተገለጸም። በኖቬምበር 2024 ሳፕኮቭስኪ ስለ ገራልት የወጣትነት ዘመን የሚተርክ አዲስ ልብ ወለድ በፖላንድ አሳተመ። በተከታዩ ወር ኩባንያው የአራተኛውን ጨዋታ ማስታወቂያ አሳየ፤ በዚህኛው ውስጥ ዋናዋ ባለ ታሪክ ገራልት ሳይሆን ያሳደጋት ልጅ፣ ሲሪ ናት።